ሞተር በጉልበት አይነሣም፤ በሕፃናትም አይደገፍም!



ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የደረሰውን ሁላችንም ሰምተናል። አንድ ጎረቤታችን ከሥራ እንደገባ የሞተሩን ካቴና ሊያጠብቅ ፈለገ። የኋላ ጎማውን ብቻውን ታግሎ ከመሬት አነሣና ግቢ ውስጥ የሚጫወት የ11 ዓመት ልጅ ጠርቶ «ማሙሽ፣ የቢራ ሳጥኑን ከሥር ግፋልኝ» አለው። ሳጥኑ ተንሸራተተ፣ ሞተሩ ወደቀ፣ የልጁም እግር በትኩስ ማርሚታ ተቃጠለ። አጥንቱ በመትረፉ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጁ ግን ይህ ጽሑፍ እስከተለጠፈበት ቀን ድረስ ትምህርት ቤት አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ በየደጁ ሁለት ዓይነት ወሬ ይናፈሳል። ማኅበራችን ሁለቱንም ይቃወማል።

አንደኛው ወገን «ሞተር የሚባል ነገር ከግቢ ይውጣ፤ አዲስ አበባስ በ2011 ዓ.ም. አግዶ የለ?» ይላል። ያ ገደብ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያን ለመከላከል ተብሎ በመንገድ ላይ የወጣ ነው። ግቢ ውስጥ ካቴና ከማጥበቅ ጋር ምን አገናኘው? ሞተር የስንት ቤት እንጀራ ነው። ደጅ ይደር ማለት ለሌባ አስረክቡ ማለት ነው። ሌሊት ልጅ ሲታመምባችሁ የማንን በር ነው የምታንኳኩት?

ሁለተኛው ወገን ራሳቸው አንዳንድ ባለሞተሮች ናቸው። «ጉልበት አለን፤ ልጁ ነው ያልተጠነቀቀው» ይላሉ። ኧረ እናንተ ሰዎች! አንድ ኩንታል ጤፍ ከጋሪ ስታወርዱ «እባካችሁ አንድ እጅ» እያላችሁ መንደሩን ትጠራላችሁ። ሞተሩ ግን ባዶውን ከኩንታል ይበልጣል፤ 10 ሊትር ቤንዚን ሲሞላ ደግሞ 7 ኪሎ ተኩል ያህል ይጨመርበታል። ይህን ብረት ብቻውን አንሥቶ ሕፃን ከሥሩ የሚያስገባ ሰው ጀግና ሊባል ነው?

ነገሩ የጉልበት ሳይሆን የአሠራር ጉዳይ ነው። የመሐል መቆሚያ ያለው ሞተር በወገብ አይነሣም። ሞተሩን አጥፉ፣ ማርሚታው ይብረድ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጉ። በግራ በኩል ቆማችሁ በግራ እጅ መሪውን፣ በቀኝ እጅ የኋላውን መያዣ ያዙ። መቆሚያውን በቀኝ እግር ወደ ታች ገፍታችሁ ሁለቱም እግሮቹ መሬት መንካታቸውን አረጋግጡ። ከዚያ ሰውነታችሁን በሙሉ በመርገጫው ላይ ጫኑ፤ እጅ የሚመራ እንጂ የሚያነሣ አይደለም። ከኋላ ጎማው ሥር ስስ ጣውላ ቢገባ ደግሞ ይበልጥ ይቀልላል። ቅዳሜ በማኅበሩ ግቢ ሲሞከር ክብደቷ 50 ኪሎ የማይሞላ እኅታችን አቆመችው። ጉልበተኞቻችን አፍረው ዝም አሉ።

የጎን መቆሚያ ብቻ ያለው ሞተር ግን ሰው ይፈልጋል። አንዱ ፊቱን ይያዝ፣ ሁለቱ ከወዲህና ከወዲያ ያንሡ። የፊት ፍሬኑን በከመነዳሪ ቁራጭ እሰሩት። ከሥሩ የሚገባው እግሩ ሰፊ የሆነ ጠንካራ መቆሚያ እንጂ ሳጥን ወይም የተደራረበ ብሎኬት አይደለም። መሬቱም ደረቅና የተስተካከለ ይሁን። ሞተሩ ማዘንበል ከጀመረ ልቀቁት! የተሰበረ መስተዋት ይገዛል፤ እግር አይገዛም።

እኛም ከጥፋቱ ነፃ አይደለንም። ያን የቢራ ሳጥን ከማኅበሩ አዳራሽ ያዋስነው እኛው ነን። ለምን እንደሆነ ሳንጠይቅ «ውሰድ» አልን። የልጁን እናት ቤታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። በይቅርታ ብቻ ግን አይቀርም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ፦

1. ማኅበሩ አንድ የጋራ የእንጨት መቆሚያና አንድ ጣውላ ያሠራል። ማንኛውም ነዋሪ ያለ ክፍያ ተውሶ ይመልሳል።

2. ሞተር ሲነሣ ሕፃናት ከአጠገቡ ይራቁ። ልጅ የሚጠራ ባለሞተር በስብሰባ ፊት ይጠየቃል።

3. ያዘነበለ ሞተር ቤንዚን ያንጠባጥባል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ እሳት ዘንድ ይደርሳል። ስለሆነም ቡና የሚፈላበት ከሰል ባለበት ሞተር አይነካ።

4. «አንድ እጅ ስጡኝ» ሲባል እንቢ የሚል ጎልማሳ፣ በኋላ ስለ ሞተር ሊያማርር አይችልም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጎረቤትን መጥራት ውርደት አይደለም፤ ውርደቱ የሰው ልጅ አስቃጥሎ «አልተጠነቀቀም» ማለት ነው!

የነዋሪዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት