የዋላዋ ማዕድ

ከዓይን ካርም ስንመለስ አውቶቡሳችን በኢየሩሳሌም ምዕራባዊ ኮረብታዎች ጥግ ጥቂት ቆሞ ነበር። ጀርባዋ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት አንዲት ዋላ ከቁጥቋጦው ብቅ አለች። አብረውን የነበሩ በዕድሜ የገፉ ተሳላሚ እናት ከስንቃቸው የተረፈውን ዳቦ አውጥተው፣ «ልጆቼ፣ ይህን ብጥልላት ምን አለበት? እርሷም የእግዚአብሔር ፍጥረት ናት» አሉን። ያን ጊዜ የመለስንላቸው ቃል አጥጋቢ አልነበረም። ዋላዋም ዳቦው ሳይደርሳት ወደ ዱሩ ገባች። ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር ወደ ገዳሙ ተመልሷልና በዚህ ዓምድ ልንመልሰው ወደድን።

ይህች እንስሳ የፋርስ ዋላ ከሚባለው ዘር ናት። ዘሩ ከዚህ ምድር ጠፍቶ ነበር፤ ከዓለምም ጠፋ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1956 በደቡብ ምዕራብ ኢራን ወንዝ ዳር ጥቂቶች ተገኙ። በ1978 ከዚያው አራት ዋሎች በአውሮፕላን መጥተው፣ ከጥቂት ሌሎች ጋር በቀርሜሎስ ተራራ በጥበቃ እንዲራቡ ተደረገ። ልጆቻቸው ከ1996 ጀምሮ በገሊላ፣ ከ2005 ጀምሮም በኢየሩሳሌም አጠገብ በሶሬቅ ሸለቆ ተለቀቁ። ከጥቂቶች የተረፈ ዘር ነውና የአንዲቱ ሞት ቀላል ጉዳት አይደለም።

ኦሪት ዘዳግም ዋላን ከሚያመሰኩ ንጹሓን እንስሳት ጋር ይቆጥራታል። የምታመሰኳ እንስሳ ብቻዋን አትበላም። አራት ክፍል ባለው ጨጓራዋ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ቅጠሉን ያብላሉላታል፤ እርሷም ከእነርሱ ድካም ትመገባለች። ስለዚህ የምትመርጠው ለራሷም ለእነርሱም ነው።

ምርጫው ግን ቀላል አይደለም። ዛፍ መሸሽ ስለማይችል ራሱን በቅጠሉ ውስጥ ባለው ነገር ይጠብቃል። በእነዚህ ኮረብታዎች የሚበዛው ባሉጥ ታኒን አለው፤ ይኸውም ጠንክሮ የተፈላ ሻይ ስንጠጣ አፋችንን የሚያኮማትረው ነው። ቆዳ አልፊዎች ከጥንት ጀምሮ በባሉጥ ቅርፊት የሚጠቀሙት ታኒኑ የቆዳውን ፕሮቲን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። በዋላ ሆድም ሥራው ይኸው ነው፤ የቅጠሉን ፕሮቲን ይይዝና ሳይፈጭ እንዲያልፍ ያደርገዋል። ሆኖም ቅጠል የሚያዘወትሩ የዋላ ዓይነቶች መከላከያ አላቸው። በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው ሙል ዲር የተባለው ዋላ ሲመረመር፣ በምራቁ ውስጥ ታኒንን አስቀድሞ የሚያስር ፕሮቲን ተገኝቷል፤ በበግና በላም ምራቅ ግን ይህ አልታየም።

የየተክሉ መከላከያ ይለያያል፤ አካልም እያንዳንዱን የሚችለው በልክ ነው። ስለዚህ ዋላ ከአንዱ ቁጥቋጦ ጥቂት፣ ከሌላውም ጥቂት ቀንጥሳ ስታልፍ ቅብጠት አይደለም፤ አንዱ መርዝ እንዳይበዛባት ነው።

ወቅቱም ማዕዱን ይለውጣል። በአገራችን ክረምት ሲሆን እዚህ ሰማዩ ይደርቃል፤ ሣሩ ገለባ ይሆንና የሚቀረው ጠንካራው ቅጠል ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ፕሮቲኑ የበዛ ለጋ ሣር ይበቅላል። ግልገሎች የሚወለዱት ምድር ገና ለምለም ሳለች ነው፤ የምታጠባ እናት መልካም ምግብ አብዝታ ትሻለችና። ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ ያበቅላል፤ ለዚህ የሚሆነው ካልሲየምና ፎስፈረስ ከምግቡ ባይበቃው ከገዛ አጥንቱ ይበደራል።

ይህን ሁሉ ማን አስተማራቸው? የሚያመሰኩ እንስሳት ከእናታቸው ሥር ሆነው ይማራሉ። የበሉት ሲስማማቸው ወይም ሲጎዳቸውም ከጣዕሙና ከሽታው ጋር አያይዘው ያስታውሱታል።

እንግዲህ ወደ ዳቦው እንመለስ። በጨጓራዋ ያሉት ተሕዋስያን ከአዲስ ምግብ ጋር የሚላመዱት ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት ነው። ዳቦ ግን ስታርች የበዛበት ነው፤ በድንገት በብዛት ሲገባ ፈጥኖ ይቦካል፣ ላክቲክ አሲድም ይከማቻል። ቃጫ የሚያብላሉት ተሕዋስያን ያልቃሉ፤ ዋላዋም ሆዷ ሞልቶ ሳለ ልትሞት ትችላለች። በብርዳማ አገሮች ሰዎች በርኅራኄ እህል የሰጧቸው የተራቡ ዋሎች በዚሁ ምክንያት ሞተዋል። ከዚህም ሌላ የሰው እጅ የለመደች ዋላ ወደ መንገድ ትወጣለች፤ በዚያም መኪናና ውሻ ያገኟታል።

የእኒያ እናት ርኅራኄ መልካም ነው፤ ለዋላዋ ግን የሚሆናት ርኅራኄ ማዕዷን መተው ነው። ስለዚህ፣ የተወደዳችሁ ተሳላሚዎች፣ በኮረብታው ስታልፉ ከሩቅ ተመልከቷት፤ ምንም አትጣሉላት። የተረፈውን ስንቅ ወደ ገዳሙ መልሱት፤ በዚህ የሚበላው አይጠፋም።