ሙያን ለማይናገሩ ፍጥረታት ስለ ማበርከት

ሰው ከሰው ጋር ሲረዳዳ ማየት በአገራችን የተለመደ ነው። ሐዘን የደረሰበትን እድሩ ያጽናናዋል፤ የታመመውን ጎረቤቱ ይጠይቀዋል፤ የተራበውን ሰንበቴው ያበላዋል። ነገር ግን የሚናገርበት አንደበት፥ አቤት የሚልበት ዳኛ፥ የሚያዋጣበት እድር የሌለው ፍጥረት በመካከላችን አለ። እርሱም እንስሳ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ለእንስሳት ደኅንነት ስለሚቆሙ ግብረ ሠናይ ማኅበራት፥ ይልቁንም ሙያቸውን ያለ ደመወዝ ሰጥተው እነዚህን ማኅበራት ስለሚመሩ የተማሩ ሰዎች ጥቂት እንነጋገራለን።

ጉዳዩ ከደጃችን የራቀ አይደለም። በብሥራተ ገብርኤል ሠፈር ማለዳ የወጣ ሰው ጭነት ተሸክመው የሚያልፉ አህዮችን ያያል። ከእነርሱም መካከል ጀርባው የተላጠ፥ እግሩን ገመድ የቆረጠው አይታጣም። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የመልአኩ በዓል ሲውል ደግሞ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በአጥር ሥር ተኝተው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። አላፊ አግዳሚው ይህን ሲያይ ወይ አዝኖ ያልፋል፥ ወይ ድንጋይ አንሥቶ ይወረውራል። ማዘኑ ከመወርወሩ እጅግ ይሻላል፤ ሆኖም በማዘን ብቻ የዳነ ቁስል የለም።

ርኅራኄው ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የሰንበት ዕረፍት በሬውንና አህያውንም እንደሚጨምር በኦሪት ተጽፏል። በነነዌ ጾም እንስሳቱ ከሰዎቹ ጋር እንደ ጾሙ በየዓመቱ እንሰማለን። የበለዓም አህያ ያለ በደሏ ሦስት ጊዜ በተመታች ጊዜ የተወቀሰው መቺው ነበረ። የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር መሣሉም ለልጆቻችን ያለ ቃል የሚሰጥ ትምህርት ነው። እንግዲህ ርኅራኄውን ከአባቶቻችን ወርሰነዋል። ርኅራኄው ወደ ሥራ እንዲለወጥ ግን ሥርዓትና ሙያ ያስፈልጉታል።

ይህን ለመረዳት ከቀደምቱ አንድ ማኅበር ታሪኩን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ያስታውስ። በ1822 ሪቻርድ ማርቲን የተባሉ፥ ሕግ የተማሩ የአየርላንድ ተወላጅና የእንግሊዝ ምክር ቤት አባል፥ ፈረስን፥ በቅሎን፥ አህያን፥ በሬንና በግን በጭካኔ የሚያሠቃይ ሰው እንዲቀጣ የሚያዝ ሕግ እንዲወጣ አደረጉ። ሕጉ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀርም ራሳቸው ከሳሽ ሆነው ፍርድ ቤት ይቆሙ ነበር። አንድ ጊዜ የተደበደበች አህያ ቁስሏን ዳኛው በዓይኑ እንዲያይ ወደ ችሎት እንዳስቀረቡ ይነገራል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1824፥ አርተር ብሩም የተባሉ ቄስ በሎንዶን ከተማ በአንድ ቡና ቤት ሰዎችን ሰብስበው ስለ እንስሳት የሚቆም ማኅበር መሠረቱ። ማርቲንና የባሪያ ንግድን በመቃወም የታወቁት ዊልያም ዊልበርፎርስም ከመሥራቾቹ ነበሩ። ቄስ ብሩም የደብራቸውን ሥራ ትተው ያለ ደመወዝ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኑ፤ ገበያውን እየዞረ የሚቆጣጠር ሰውም ከገዛ ኪሳቸው ከፍለው ቀጠሩ። ይሁን እንጂ የማኅበሩ ወጪ ከገቢው በለጠ። ማኅበሩ ባለ ዕዳ ሆነ፤ ኃላፊው ብሩምም በ1826 ስለ ማኅበሩ ዕዳ ወኅኒ ወረዱ። እነሆ፥ እንደ እርሳቸው ያለ ልበ ርኅሩኅ ሰው በዘመኑ ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን ፍቅር ያለ ሒሳብ እስከ ወኅኒ ያደርሳል።

ከእርሳቸው በኋላ ጸሐፊነቱን የተረከቡት ሉዊስ ጎምፐርትዝ የመሣሪያ ፈልሳፊ ነበሩ። ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን ሰጥተው ማኅበሩን ከመፍረስ አዳኑት። ነገር ግን እርሳቸው አይሁዳዊ ነበሩና ማኅበሩ የክርስቲያኖች ብቻ እንዲሆን በተወሰነ ጊዜ በ1832 ሥራውን ትተው ወጡ፤ ሌላ ማኅበርም አቋቋሙ። የመጀመሪያው ማኅበር በ1840 ከንግሥት ቪክቶሪያ «ንጉሣዊ» የሚለውን ማዕርግ አግኝቶ እስከ ዛሬ ቢኖርም፥ ቅን ሠራተኛውን በገዛ ውሳኔው ማጣቱ ከታሪኩ አይፋቅም። በከተማችን አህያ የሚነዳው ክርስቲያንም ሙስሊምም ነው፤ የአህያው ቁስል ግን ሃይማኖት አይለይም። ስለ እንስሳት የሚቆም ማኅበር ከሠራተኛው ሊጠይቅ የሚገባው ሙያንና ታማኝነትን ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የአህያ ነገር ይቀድማል። «አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል» ተብሎ ቢተረትም፥ ኢትዮጵያ በዓለም እጅግ ብዙ አህዮች ካሏቸው አገሮች አንደኛዋ ናት፤ ቁጥራቸውም ከሰባት ሚሊዮን በላይ ነው። ውኃውን፥ እንጨቱንና እህሉን የሚሸከሙ እነርሱ ናቸው። በሚገባ የተያዘ አህያ ሠላሳ ዓመት ያህል ሊኖር ሲችል፥ በእኛ ዘንድ ብዙዎቹ በጀርባ ቁስል፥ በሆድ ትልና በድካም በአጭሩ ይቀጫሉ።

ስለ አህዮች በዓለም ከታወቁት ማኅበራት አንዱን የመሠረቱት ኤልሳቤጥ ስቬንድሰን የተባሉ እንግሊዛዊት፥ ከባለቤታቸው ጋር ሆቴል የሚያስተዳድሩ ሴት ነበሩ። በ1969 በጥቂት አህዮች የተጀመረው ሥራቸው በ1974 ከአንዲት ሟች በኑዛዜ 204 አህዮች በአንድ ጊዜ ወረሰ። ሁለት መቶ አራት አህዮችን በእንባ መመገብ አይቻልም። ገለባ መግዛት፥ ሠራተኛ መቅጠር፥ ገንዘብ መለመንና የተለመነውን ቆጥሮ ማስረከብ ያስፈልጋል። ሴትዮዋን ያገዛቸው በሆቴል ሥራ የለመዱት የማስተዳደር ሙያ ነው። ማኅበራቸውም ከ1980ዎቹ ጀምሮ በቢሾፍቱ ከእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቱ ጋር በመተባበር የአገራችንን አህዮች ሲያክም ቆይቷል። ያ ትምህርት ቤት በ1979 ተከፍቶ ለኢትዮጵያ ብዙ የእንስሳት ሐኪሞችን ያፈራ ነው። በ2001 ደግሞ በኢትዮጵያውያን ተነሣሽነት ባለቤት ለሌላቸው እንስሳት የሚቆም «ሆምለስ አኒማልስ ፕሮቴክሽን ሶሳይቲ» የተባለ ማኅበር በአገራችን ተቋቋመ።

በየካቲት 2024 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በዚሁ በአዲስ አበባ ተሰብስበው አህዮችን ለቆዳቸው ሲባል ማረድ በአህጉሩ እንዲታገድ መወሰናቸውም አይዘነጋም። ለእንዲህ ያለ ውሳኔ ሐኪሙ ስለ በሽታው፥ የምጣኔ ሀብት ዐዋቂው ስለ ድሀው ኪሳራ፥ የሕግ ዐዋቂው ስለ አንቀጹ ማስረጃ ማቅረብ አለባቸው።

በዚህ ጊዜ አንድ አንባቢ፥ «የሚበላ ያጣ ሰው እያለ ስለ ውሻና ስለ አህያ መጨነቅ ተገቢ ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነውና በቀላሉ ልናልፈው አይገባንም። ነገር ግን አህያው የቆሰለበት ነጂ የዕለት እንጀራው እንደ ቆሰለበት እናስብ። አህያዋ የሞተችባት ሴት የውኃውን እንስራ በገዛ ጀርባዋ ትሸከማለች። ስለዚህ ከጭነቱ በታች ለስላሳ ነገር አንጥፉ፥ እግሩን በሚቆርጥ ገመድ አትሰሩት፥ ለታመመው ዕረፍት ስጡት ብሎ የሚያስተምር ሐኪም እንስሳውንና ቤተሰቡን በአንድነት ይረዳል።

የውሻው ነገር ከዚህ ይበልጥ የከበደ ነው። በእብድ ውሻ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች ከመቶ 99ኙ በሽታው የሚተላለፍባቸው ከውሻ ነው። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላል። በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ከመቶ 40 ያህሉም ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ለብዙ ዘመን በየከተማው የተያዘው መላ ውሾችን በመርዝ መግደል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በሽታውን የሚያቆመው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉን መከተብ መሆኑን ያስተምራል። ምክንያቱም የተገደሉትን ውሾች ስፍራ ያልተከተቡ ሌሎች ይይዙታል፤ የተከተበው ውሻ በሠፈሩ ሲቀመጥ ግን በሽታው ወደ ልጆቻችን እንዳይደርስ አጥር ይሆናል። ወላጆችም ይህን ይያዙ፤ ልጅ በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፥ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

ከመቶ 70 ውሾችን መከተብ ግን ለአንድ ሐኪም ብቻ የሚቻል ሥራ አይደለም። ውሾቹን በየሠፈሩ የሚቆጥር፥ መድኃኒቱን በቅዝቃዜ የሚያጓጉዝ፥ ሕዝቡን የሚያስተምር፥ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚጻጻፍ፥ ወጪውን የሚመዘግብ ሰው ይሻል። ማኅበር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ስለ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 1113 ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ለአስተዳደር የሚውለው ወጪ ከጠቅላላው ገቢ ከመቶ 20 እንዳይበልጥ፥ ሒሳቡም እንዲመረመር ደነገገ። እንግዲህ በሥራ አመራር ቦርድ የሚቀመጥ ሰው ሕግ የሚጠይቀው ኃላፊነት እንዳለበት ዐውቆ ይቀመጥ።

ለዚህ ሥራ የሚፈለጉት ባለሙያዎች በብሥራተ ገብርኤልና በአካባቢው ጥቂት አይደሉም ብለን እናምናለን። የእንስሳት ሐኪም በወር አንድ ቅዳሜ ቢሰጥ ብዙ ቁስል ይድናል። የሒሳብ ዐዋቂ መዝገቡን ቢይዝ ማኅበሩ ከብሩም ዕጣ ይጠበቃል። ጠበቃ መተዳደሪያ ደንቡን ቢያነብና ቢያርም ነገ የሚነሣ ክርክር ዛሬ ይዘጋል። መምህር በክፍሉ ስለ እንስሳት አያያዝ አንድ ሰዓት ቢያስተምር ድንጋይ የሚወረውር እጅ ይቀንሳል። በጡረታ ላይ ያለ የመሥሪያ ቤት ኃላፊም ስብሰባ መምራትን፥ ደብዳቤ መጻፍን፥ ቀጠሮ ማክበርን ያውቃልና ታላቅ ሀብት ነው።

ነገር ግን በነጻ የሚሰጥ ሙያም የራሱ ሥርዓት አለው። አንደኛ፥ ያለ ክፍያ የሚሠራ ሰው ሥራውን በደመወዝ ከሚሠራው አሳንሶ ሊሠራው አይገባም፤ በነጻ የታከመ ቁስል በግዴለሽነት ከታከመ ይመረቅዛል። ሁለተኛ፥ የሚችለውን ጊዜ ለክቶ ይናገር፤ በየሳምንቱ እመጣለሁ ብሎ ከሚቀር ይልቅ በወር አንድ ቀን ብሎ የሚመጣ ይበልጣል። ሦስተኛ፥ የማኅበሩን ሥራ ለራሱ ወይም ለዘመዱ ንግድ መጠቀሚያ አያድርገው። አራተኛ፥ ወንበሩን እንደ ርስት አይያዘው፤ ጊዜው ሲደርስ ወጣቶችን አሠልጥኖ ይልቀቅ። አምስተኛ፥ በየቀኑ ውሻውን የሚያጥበውንና በረቱን የሚጠርገውን ሠራተኛ አይናቅ፤ ቦርዱ ባይሰበሰብ እንስሳው አንድ ወር ይታገሣል፥ ሠራተኛው አንድ ቀን ቢቀር ግን ይራባል።

ይህ ሁሉ ከባድ መስሎ ለታየው ሰው የእድራችንን ሥርዓት እናስታውሰዋለን። የእድር ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በብዙ ሠፈር ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ። መዝገቡ ይያዛል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ሒሳቡ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ ያልታመነ ይሻራል። ድንኳኑና ወንበሩም ከሐዘን ቤት ወደ ሐዘን ቤት ሳይጠፋ ይዘዋወራል። የተማረውም ያልተማረውም በዚህ ሥርዓት አድጎ ያውቀዋል። ስለ እንስሳት የሚቆም ማኅበር ከባዕድ አገር የሚመጣ ረቂቅ ጥበብ አይጠይቀንም፤ ለሙታን ያሳየነውን ታማኝነት አቤት ማለት ለማይችሉት ሕያዋን ማሳየት ይበቃናል።

ስለዚህ የቤተሰብ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ለእያንዳንዱ ቤት ሦስት ትንንሽ ሥራዎች እንመክራለን። በቤታችሁ ውሻ ካለ በየዓመቱ አስከትቡት። ጭነት የሚያደርስላችሁ አህያ ጀርባው ቆስሎ ብታዩ ነጂውን ሳትሰድቡ በመልካም ቃል ምከሩት፤ ብትችሉም ለመድኃኒቱ እርዱት። በመጨረሻም ማታ በማዕድ ዙሪያ ስትሰበሰቡ፥ ከመካከላችሁ ማን ምን ሙያ እንዳለው፥ ከሙያውም በወር ስንት ሰዓት ሊሰጥ እንደሚችል ተጠያየቁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እንዲሉ፥ ከየቤቱ የተዋጣ ጥቂት ሰዓት በአንድ መዝገብ ከተጻፈና በአንድ ሥርዓት ከተመራ ብዙ ቁስል ይፈውሳል፥ ብዙ ሕፃናትንም ከሞት ይጠብቃል።