ከመቀነት የወጣች ግጥም

ባለፈው ሳምንት ውጭ አገር የሚኖረው የእህቴ ልጅ ደወለ። «አክስቴ፣ አንዲት ሴት ብቻዋን መድረክ ላይ ወጥታ ታሪክ በዘፈን ስትተርክ አመሸች። ካባሬ ይሉታል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር አለ?» ሲለኝ ሳቄ መጣ። «አንተ የእስቴ ልጅ! አዝማሪውን የት ጣልኸው?» አልሁት።

አልፈርድበትም። አዝማሪ ሲባል እሱ የሚያስታውሰው ካዛንቺስ ጓደኞቹ ጋር ያመሸባቸውን ቤቶች ነው። እነሱም በ2017 ዓ.ም. መባቻ ሰፈሩ ሲፈርስ አብረው ሄዱ፤ ስመ ጥሩ ፈንድቃም አልተረፈ። እኔ የማውቀው ግን የዳሱን አዝማሪ ነው።

በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእኛ በእስቴ፣ ለጥር ሠርግ ጠላው ከተጠነሰሰ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «አዝማሪስ?» የሚል ነው። ሰውየው ማሲንቆውን በትከሻው አንግቶ ይመጣል። ቆዳ የለበሰች ሣጥን፣ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር፣ ያው ጭራ የተወጠረበት ደጋን፤ በቃ። በዚች ዳስ ሙሉ ሰው ሲያነጋ፣ ሰው ሁሉ ድምፁን ያደንቃል። እኔ ጆሮውን ነው የማደንቀው። መጀመሪያ ጥግ ይዞ ያዳምጣል። ማን የማን ልጅ ነው? ማን ከማን ተኳርፏል? ከዚያ ስማችሁን እየጠራ የራሳችሁን ታሪክ ለራሳችሁ ይነግራችኋል። እንግዳውም «ተቀበል!» እያለ ግጥም ይሰጠዋል። ጮክ ብሎ መስጠት የከበደው ደግሞ በጆሮው ሹክ ይላል።

ልጅ ሳለሁ እናቴና አጎቴ በእርሻ ድንበር ተጣልተው ዓመታት ተዘጋግተው ኖሩ። ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ ቄስም ገብቶበት ነበር። በአንድ ዘመድ ሠርግ ሁለቱም አንድ ዳስ ውስጥ፣ አንዱ ከዚህ ጥግ ሌላው ከዚያ ጥግ ተቀመጡ። እኩለ ሌሊት ላይ አዝማሪው ማንንም ሳያይ እንዲህ አለ፦

በአንድ ክንድ መሬት ተጣሉ እህት ወንድም፣
እሷ ሁለቱንም መዋጧ አይቀርም።

እልልታው ቆመ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። አጎቴ ተነሥቶ «ማነው የሰጠህ?» ሲል አፈጠጠበት። እንዲህ ያለ ቃል ከጎረቤት አፍ ቢወጣ ዱላ ያማዝዝ ነበር። አዝማሪው ግን ማሲንቆውን ከፍ አድርጎ «እሷ ናት» አለና ሰውን ሁሉ አሳቀው።

እኔ አይቻለሁ። ጥቂት ቀደም ብሎ አያቴ፣ የሁለቱም እናት፣ የመቀነቷን ቋጠሮ ፈትታ ብር ሰጥታው በጆሮው ስታንሾካሹክ አጠገቧ ነበርሁ። ልጆቿን ፊት ለፊት ተቆጥታ አልሰሟትም፤ በሰው አፍ ነገረቻቸው። ብዙ ቤተሰብ ውስጥ የእናት ቃል መንገድ የሚያጣው እንዲህ ይመስለኛል።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ድምፁን በሸክላ አስቀርጾ ለእኛ ደርሷል። የእኛን ዳስ ሌሊት የቀረጸው የለም፤ አዝማሪውም ሲነጋ ወደ ሌላ ሠርግ ሄደ። ግጥሙን በልቤ ይዤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

አጎቴና እናቴ ያን ሌሊት ታረቁ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ሊነጋ ሲል አጎቴ ከአሳላፊው እጅ ማሰሮውን ተቀበለና በተርታ ጠላ እየቀዳ መጣ። እናቴ ጋ ሲደርስ አላለፋትም። እሷም ዋንጫዋን ዘረጋች።