ጎሉን ያገባው ጣት ነው ወይስ ኪስ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ እስኪጀምር ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንዱ ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ያለ ሰው፣ ከስክሪኑ ይልቅ አግዳሚው ላይ የሚደረገው ክርክር ይስበዋል። ሁለቱ ጆይስቲክ ጨብጠው ይፋለማሉ፤ ተራ ጠባቂዎቹ ከኋላ ሆነው አሰልጣኝም፣ ዳኛም፣ ኮሜንታተርም ናቸው። አንዱ «ይሄ ኳስ ሳይሆን ሩጫ ነው» እያለ አዲሱን ጌም ያጥላላል። ሌላው «መከላከል ስለማትችል ነው!» ብሎ ይመልስለታል። በዕድሜ ገፋ ያለው ደግሞ ሁለቱንም ንቆ «ኳስማ ዊኒንግ ኢለቨን ነበር» ይላል። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል?

ሰውዬው የድሮውን የሚያነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን የጃፓኑ ኮናሚ የሚያወጣው ዊኒንግ ኢለቨን፣ በአውሮፓ ስሙ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር፣ የአብዛኞቹን የእንግሊዝ ክለቦች ስም የመጠቀም ፈቃድ አልነበረውም። ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ሊቨርፑል ደግሞ «መርሲሳይድ ሬድ» ተብለው ይገቡ ነበር። ተፎካካሪው የኢኤ ስፖርትስ ፊፋ በበኩሉ ከነማሊያው፣ ከነአርማው፣ ከነእውነተኛ ስሙ ይመጣል። ያም ሆኖ ኳስ የገባው ብዙ ተጫዋች የውሸት ስም ያለውን መረጠ። ስሙ ውሸት ቢሆንም ኳሱ እውነት ነበራ! ቅብብሉ ይበላሻል፣ ተከላካዩ ይሳሳታል፣ የኢንተር ሚላኑ አድሪያኖ በግራ እግሩ ከሩቅ ሲለጋው በረኛው የሚይዝ የሚጨብጠው ይጠፋዋል። (አድሪያኖን የያዘ ሁሉ ራሱን ጎበዝ አድርጎ ይቆጥር እንደነበር ግን አይዘነጋም።)

ዛሬ ሁለቱም በድሮ ስማቸው የሉም። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ስሙን ወደ ኢፉትቦል ቀይሮ ጌሙን በነፃ ለቀቀ። ኢኤ ደግሞ ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ጋር የነበረው ውል በማብቃቱ ከ2023 ጀምሮ ጌሙን ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ብሎ ያወጣል። ስም መቀየሩ ለአግዳሚው ጉዳዩም አይደለም፤ አሁንም «ፊፋ እንጫወት» ነው የሚባለው።

ጉዳዩ የሆነው ሌላ ነው። ተጫዋቾች በየአገሩ የሚያሰሙት ቅሬታ ከቀልድ አልፎ ኩባንያዎቹን ማንበርከክ ጀምሯል። ኢፉትቦል በመስከረም 2021 መጨረሻ ሲለቀቅ የተጫዋቾቹ ፊት የተጣመመ፣ እንቅስቃሴያቸው የተሰናከለ፣ ገና ያልበሰለ ጌም ሆኖ ተገኘ። ደጋፊው ባወረደው የስድብ መዓት ኮናሚ ቀናት ሳይቆጠሩ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ኢኤም ቢሆን ተራው ደርሶታል። በጥር 2025 የእግር ኳስ ጌሙ ገበያ እንደጠበቀው አለመሆኑን አምኖ የገቢ ትንበያውን ሲቀንስ የአክሲዮኑ ዋጋ ክፉኛ አሽቆለቆለ። በዚያው ሰሞን የተጫዋቾችን አስተያየት ተከትሎ በጌሙ አጨዋወት ላይ ማስተካከያ አወጣ። በመስከረም 2025 የወጣው ኤፍሲ 26 ደግሞ አጨዋወቱን ለሁለት ከፍሎ መጣ፤ አንዱ በኢንተርኔት ለሚፋለሙት የተዘጋጀ ፈጣን፣ ሌላው ለእውነተኛው ኳስ የቀረበ ዝግ ያለ። ያ «ይሄ ኳስ ሳይሆን ሩጫ ነው» የሚለው ልጅ እንግዲህ ዝም ብሎ ተሸናፊ አልነበረም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ፍጥነቱ ቢስተካከልም ትልቁ ቅሬታ እዚያው ተቀምጧል። እሱም አልቲሜት ቲም የሚባለው ነው። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው፤ ተጫዋቹ የራሱን ቡድን በካርድ ይሰበስባል፣ ካርዱ የሚገኘው ታሽጎ ከሚሸጥ ፓክ ነው፣ በፓኩ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ሳይከፈት አይታወቅም። እምባፔ ሊወጣ ይችላል፤ ስሙን ማንም ሰምቶት የማያውቅ ተቀያሪ ተከላካይም ሊወጣ ይችላል። ካልወጣ ሌላ ፓክ ይገዛል። ይሄ ኳስ ነው ወይስ ሎተሪ? የቤልጅየም የቁማር ተቆጣጣሪ በ2018 እንዲህ ዓይነቱን ሽያጭ ከቁማር ሕጉ ጋር የሚጋጭ ነው በማለቱ፣ ኢኤ ከ2019 መጀመሪያ አንስቶ በዚያች አገር ለፓክ መግዣ የሚሆነውን ነጥብ መሸጥ አቁሟል። በሌላው ዓለም ግን ቀጥሏል። ኩባንያው በ2021 የበጀት ዓመቱ ከአልቲሜት ቲም ብቻ 1.62 ቢሊዮን ዶላር ማስገባቱን ላየ ሰው፣ ለምን እንደማይተወው መገመት አይከብድም።

የዚህኛው አጨዋወት ጠበቆችም መልስ አላቸው። ሳንቲም ሳያወጡ፣ ጨዋታ በማሸነፍ ብቻ ጥሩ ቡድን መሥራት ይቻላል ይላሉ። ጎበዝ ልጅ በደካማ ቡድን ሀብታሙን ሲያርበደብደው የታየበት ጊዜም ብዙ ነው። እውነት ነው። ግን የከፈለው በመጀመሪያው ሳምንት የሚይዘውን ቡድን ያልከፈለው ወራት ለፍቶ ነው የሚያገኘው። እሱ እስኪደርስ ደግሞ የበለጠ ጉልበት ያለው ሌላ ካርድ ይለቀቃል። በመስከረም አዲሱ ጌም ሲወጣ የተሰበሰበው ሁሉ አሮጌው ላይ ቀርቶ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። በየትኛው ሊግ ነው ዋንጫ የበላ ቡድን በዓመቱ ያለ ተጫዋች የሚቀረው?

ፕሌይስቴሽን ቤቱ ከዚህ ሁሉ የጸዳ ነው። አንዱ ሪያል ማድሪድን፣ ሌላው ባርሴሎናን ይይዛል፤ ክፍያው ለጨዋታው እንጂ ለተጫዋቹ አይደለም፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛ ይቀመጣል። የባለሀብት ልጅም ሆነ ሊስትሮው የሚይዙት ቪኒሲየስ እኩል ይሮጣል። ወላጆች እነዚህን ቤቶች በክፉ ዓይን ማየታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከትምህርት ሰዓት የሚሰርቅ ልጅ አለ፣ ዩኒፎርም ለብሶ የመጣን ልጅ ዝም ብሎ የሚያስገባ ባለቤትም አለ። ይሄ ሊታረም ይገባል። ነገር ግን ቤቱን ፈርቶ ልጁን ስልክ ሰጥቶ ሳሎን ያስቀመጠ ወላጅ ጉዳዩን ጨረስኩ ብሎ እንዳይተኛ። የኢፉትቦልም ሆነ የኢኤ የሞባይል ጌም ውስጥ ሱቁ ከጨዋታው ጋር አንድ ላይ ነው፤ ልጁ ለብቻው ነው፣ «አይበቃህም ወይ? ተነስ!» የሚለው ተረኛ የለም። በስልክ ከሚጫወቱት መካከል ኮከቦች የተሰበሰቡበትን አካውንት በብር እስከ መግዛት የደረሱ አሉ።

ስለዚህ በየሰፈሩ «የቱ ይሻላል?» እየተባለ የሚደረገው ክርክር መሳቂያ ብቻ አይደለም። ኮናሚን ይቅርታ ያስጠየቀው፣ ኢኤን አጨዋወት ያስቀየረው የተጫዋች አፍ ነው። ፓክ ለልጆች እንዳይሸጥ፣ በኢንተርኔትም ቢሆን ሁሉም በእኩል ካርድ የሚፋለምበት ውድድር በቋሚነት እንዲኖር መጠየቅ ያለበትም ይኸው አፍ ነው። የቤቶቹ ባለቤቶችም አዲሱ ጌም በየዓመቱ በወጣ ቁጥር ለመግዛት ከመጣደፋቸው በፊት ደንበኛቸውን ቢጠይቁ ይሻላል። ካለፈው ዓመት የተለየው ማሊያና ዝውውር ብቻ ከሆነ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ከማንም በፊት ይነግሯቸዋል። ያ ዊኒንግ ኢለቨን ናፋቂም ተራው ሲደርስ፣ ሲያጥላላው በዋለው ጌም ሦስት ለባዶ እየተመራ፣ ጆይስቲኩ ተበላሽቷል ይል ይሆናል።