ምሰሶው ቆመ፥ ለማጁስ?

ከመርሳ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት ሲሪንቃን አቋርጦ ያልፋል። ሲሪንቃን አገር የሚያውቃት በእርሻ ምርምር ማዕከሏ ነው። በዚያ አንድ የማሽላ ዘር ለገበሬው ከመሰጠቱ በፊት ለዓመታት ይፈተናል፤ በአንድ ማሳ ስለ በቀለ ብቻ አይታመንም። እንግዲህ ለዘር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፥ በዚያው አስፋልት ዳር በኮረንቲ ምሰሶ ላይ የሚወጣውን ልጅ በምን ፈትነን ነው የምንሰደው?

ሕግ የለም እንዳይባል፥ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ስለ ሙያ ለማጅ በግልጽ ይናገራል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የሥልጠናው ዓይነትና ዘመን፥ የሚከፈለውም ገንዘብ ይመልከትበት፤ አሠሪው ለማጁን ከሙያው ጋር በማይገናኝ ሥራ አያሠማራው፤ ሲፈጽምም የምስክር ወረቀት ይስጠው ይላል። ታዲያ ስንቱ ለማጅ ነው መሰላል ሲያቀብልና ሻይ ሲያመላልስ ከርሞ ወረቀቱ የሚፈረምለት? ፊርማ እንደ ሆነ ኮረንቲ አይመልስም።

አንድ ነገር ብቻ ልዘርዝር፤ ነገሩ የሕይወት ነውና። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ወልድያ ከደረሰ በኋላ ሰሜን ወሎ ለወራት ያለ መብራት ኖሯል። መብራት በሚጠፋበት አገር ደግሞ ጄኔሬተር የሚገዛ ነጋዴ አይታጣም። ይህ ነጋዴ ጄኔሬተሩን ከዋናው መስመር ሳይለይ ያስነሣ እንደ ሆነ የሱቁ 220 ቮልት ወደ ኋላ ይሄዳል። ትራንስፎርመር አቅጣጫ አይመርጥም፤ ዝቅ ሲያደርግ የነበረውን አሁን ከፍ ያደርገዋል፤ «ጠፍቷል» የተባለው ሽቦም 15 ሺህ ቮልት ይዞ ይጠብቃል። ስለዚህ ባለሙያ የሆነ ሰው መስመሩን ይቆርጣል፤ መቁረጫውን ይቆልፋል፤ በመመርመሪያ ይፈትሻል፤ ከመሬት ጋር ያገናኛል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይነካል። ይህን በመጽሐፍ ለማንበብ አሥር ደቂቃ ይበቃል። አለቃው ከታች ቆሞ «ቶሎ በል!» እያለ ሲጮህ ከአራቱ አንዱን አለመዝለል ግን ከአዋቂ ጎን ደጋግሞ ካልወጡ አይለመድም።

የፀሐይ መብራት መጥቷልና ይህ ሁሉ ቀርቷል የሚሉ አሉ፤ እርሱ ጥገና አይሻም ይሉናል። ይሻል እንጂ! አቧራ ፀሐይ መቀበያውን ይሸፍነዋል፤ ባትሪው በጥቂት ዓመታት ይደክማል። ባትሪ የሚለውጥ እጅ በከተማው ከሌለ ምሰሶው ደህና ሆኖ ሳለ መንገዱ ይጨልማል። ተቋራጩማ ርክክቡን ፈጽሞ ሄዷል።

በእንግሊዝ አገር የመንገድ ዳር መብራት ተካይና ጠጋኝ መሆን በራሱ ስም የታወቀ የለማጅነት ሙያ ነው። በእኛ ዘንድ ግን የቤት ሽቦ ዘርጊውም፥ ምሰሶ ወጪውም፥ ማቀዝቀዣ ጠጋኙም ሁሉ «ኤሌክትሪሻን» ነው። ደግሞስ በየዩኒቨርሲቲው የምሕንድስና ተማሪ የትራንስፎርመሩን ስሌት በሰሌዳ ላይ እየሠራ፥ ምሰሶ የሚወጣውን «የመብራት ልጅ» ብሎ ያልፈዋል። ለጠይብ የነበረው ንቀት ቦታ ለወጠ እንጂ መች ከአገር ወጣ?

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። መብራት የሚያስተክል ማዘጋጃ ቤት፥ የሀብሩም ይሁን የሌላ፥ ተቋራጩ ከአካባቢው ስንት ለማጅ በጽሑፍ ውል እንደሚይዝ በጨረታው ላይ ይጠይቅ። ርክክቡም የሚፈረመው ለማጆቹ አንዱን መብራት በአዋቂ ፊት ፈትተው፥ ገጥመው ካበሩ በኋላ ይሁን። ወጪ ይበዛል የሚል ተቋራጭ ይመጣል፤ ይምጣ። የጨለመ ምሰሶ በሁለት ዓመቱ እንደ ገና በጨረታ ሲወጣ ወጪው የማን እንደ ሆነ አብረን እንቁጠር።

ቀበቶውንና የላስቲክ ጓንቱን ማን ይግዛ የሚል ክርክርም ይነሣ ይሆናል። አዋጁ የሠራተኛን የአደጋ መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ለማጁም ከሠራተኛው እኩል ይታደለው፤ የሌላ ሰው ጓንት ተውሶ ምሰሶ ላይ አይውጣ።