ስለ ዶክቶርነት ትምህርት ቃለ መጠይቅ፤ ለወላጆችና ለልጆች የቀረበ ምክር

ትሕትና የመልካም አስተዳደግ ምልክት ነው። በአገራችን በታላላቆች ፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፥ ሳይጠየቅ የማይመልስ፥ ስለ ራሱ ሥራ ከማውራት የሚቆጠብ ልጅ «የጨዋ ልጅ ነው» ተብሎ ይመሰገናል። ነገር ግን ይኸው ልጅ በአሜሪካ አገር በአንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ፊት በቀረበ ጊዜ፥ ያ የተመሰገነበት ዝምታ እንደ ባዶነት ሊቈጠርበት ይችላል። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንጽፍ ያሰብነው፥ በሥነ ልቡና ትምህርት የዶክቶርነት ማዕርግ ለማግኘት የሚያመለክቱ ተማሪዎች ስለሚቀርቡበት ቃለ መጠይቅ ነው። የአምስትና የስድስት ዓመት ዕድሜ፥ ብዙም ገንዘብ የሚወሰንበት ቀን ስለ ሆነ፥ ነገሩ የተማሪው ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡም ጉዳይ ነው።

አስቀድሞ ትምህርቱ ምን እንደ ሆነ መረዳት ይገባል። ሥነ ልቡና፥ ፈረንጆች ሳይኮሎጂ የሚሉት፥ የሰውን አሳብ፥ ስሜትና ጠባይ በምርመራ የሚያጠና ዕውቀት ነው። ከቅርንጫፎቹ አንዱ፥ የተጨነቁትንና የታመሙትን የሚረዳው፥ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ይባላል። ብዙ ወላጆች ይህን ባለ ሙያ ከአእምሮ ሐኪም ጋራ አንድ ያደርጉታል። የአእምሮ ሐኪም የሕክምና ትምህርት ጨርሶ መድኃኒት የሚያዝ ነው፤ የሥነ ልቡና ዶክቶር ግን በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች መድኃኒት አያዝም፤ ሥራው በንግግር ማከም፥ በፈተና መመርመርና ማጥናት ነው።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው የጠያቂዎቹን አሳብ ለመረዳት ነው። በ1949 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በኮሎራዶ ግዛት በቦልደር ከተማ የተሰበሰቡ መምህራን የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ዶክቶር በሽተኛ የሚረዳ ብቻ ሳይሆን ተመራማሪም ሆኖ እንዲሠለጥን ተስማሙ። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ግዛት በቬይል በተደረገው ጉባኤ፥ ለሕክምናው ሥራ ይበልጥ የሚያዘጋጅ ሌላ መንገድ ድጋፍ አገኘ። የፊተኛው ማዕርግ ፒኤችዲ፥ የኋለኛው ሳይዲ ይባላል። ለፒኤችዲ ተማሪ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርቱን ዋጋ ይተዉለታል፤ ስለ ረዳትነት ሥራውም መጠነኛ ደመወዝ ይከፍሉታል። ሳይዲ ግን በብዙ ስፍራ ተማሪው ራሱ እየከፈለ ወይም እየተበደረ የሚማረው ነው። ስለዚህ በፒኤችዲ መምህር ፊት ቀርቦ «ሰውን መርዳት ብቻ እፈልጋለሁ፤ ምርምር አልወድም» የሚል ልጅ፥ አሳቡ መልካም ሳለ በሩን ስቷል።

የፒኤችዲው ቃለ መጠይቅ ምን እንደሚመስል ለአገራችን ሰው ለማስረዳት ከቅኔ ቤት የሚሻል ምሳሌ አይገኝም። ደቀ መዝሙር ስንቁን ይዞ ወደ ዋሸራ፥ ወደ ዋድላ ወይም ወደ ጎንጅ ሲነሣ፥ የሚፈልገው ቦታውን ሳይሆን መምህሩን ነው። በነዚያም ዩኒቨርሲቲዎች ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በብዙዎቹ ዘንድ አመልካቹን የሚመርጠው አንድ የታወቀ መምህር ነው፤ ተማሪውም የሚገባው ከዚያ መምህር ጋራ ለመሥራት ነው። አንድ መምህር በዓመት የሚወስደው አንድ ወይም ሁለት ተማሪ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ከቶም አይወስድም። ማመልከቻ የሚገባው በኅዳር መጨረሻ ገደማ ሲሆን፥ ቃለ መጠይቁ በአብዛኛው በጥርና በየካቲት ይደረጋል። ብዙ ጊዜ ለአንድ የትምህርት ክፍል ብዙ መቶ ሰዎች ያመለክታሉ፤ ከነዚያ ጥቂት ዐሥሮች ይጠራሉ፤ በመጨረሻ የሚገቡት ከዐሥር ያነሱ ናቸው።

እንግዲህ ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ተማሪ ውጤቱ፥ ጽሑፉና የመምህራኑ ምስክርነት በወረቀት ታይቶ አልፏል። የቀረው ጥያቄ «ከዚህ ሰው ጋራ አምስት ዓመት መሥራት እችላለሁን?» የሚል ነው። ይህም ጥያቄ የመምህሩ ብቻ ሳይሆን የተማሪውም ሊሆን ይገባል። የሚከተለው ምክር ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

አንደኛ፤ የራስን ሥራ በልኩ መናገር። በፍርድ ቤት ያየውን «አየሁ»፥ የሰማውን «ሰማሁ»፥ ያላየውን «አላየሁም» የሚል ምስክር ይታመናል። ሁሉን አየሁ የሚል ይጠረጠራል፤ ያየውን አላየሁም የሚል ደግሞ ባለ ጉዳዩን ይጐዳል። የኛ ልጆች የሚሳሳቱት በዚህ በሦስተኛው ነው። ለምሳሌ አንዲት ተማሪ በአንድ መምህር ጥናት ላይ ሁለት ዓመት ረድታ እንደ ሆነ እናስብ።

ጠያቂው፦ «በዚያ ጥናት ያንቺ ድርሻ ምን ነበር?»

ተማሪዋ፦ «እኔ ምንም አልሠራሁም፤ የሠሩት መምህሬ ናቸው፤ እኛ ጥቂት ረዳናቸው።»

ይህ መልስ በእናቷ ቤት ቢነገር ያስመሰግናት ነበር፤ እዚያ ግን ጠያቂው ቃሏን እንዳለ ተቀብሎ «ምንም አልሠራችም» ብሎ ይጽፋል። እውነቱን በልኩ ብትናገር ግን እንዲህ ትላለች፦ «መጠይቁን ለስድሳ ሰዎች ያነበብሁላቸው እኔ ነበርሁ፤ መልሳቸውንም ወደ መዝገብ አስገብቻለሁ። በሥራው መካከል ሽማግሌዎቹ አንዱን ጥያቄ በሌላ ትርጉም እንደሚረዱት አይቼ ለመምህሬ አመለከትሁ፤ ጥያቄውም ተለወጠ። ስሌቱን ግን የሠራው ሌላ ሰው ነው።» በዚህ መልስ ውስጥ ትምክሕት የለም። ይልቁንም የመጨረሻይቱ ዐረፍተ ነገር የቀሩትን ሁሉ ታሳምናለች።

ሁለተኛ፤ መምህሩን አንብቦ መቅረብ። መምህሩ በቅርብ ዓመታት ከጻፋቸው ሁለቱን ወይም ሦስቱን ጽሑፎች ማንበብ ግድ ነው። ነገር ግን ተማሪው ያነበበውን በቃሉ ቢያነበንብ ወይም መምህሩን ቢያሞግስ አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ከጽሑፉ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይዞ መምጣት ነው፤ «ይህን ውጤት በገጠር ሰዎች ዘንድ ቢመረምሩት ያው ይሆን ነበር ብለው ያስባሉን?» እንደሚል ያለ። የማያውቁት ነገር ሲጠየቅም መሸፈን አይገባም፤ «ይህን አላነበብሁም፤ ለማወቅ ብፈልግ ግን እንዲህ እጀምር ነበር» ማለት ከረጅም ማድበስበስ ይበልጣል።

ሦስተኛ፤ «ይህን ሙያ ለምን መረጥህ?» ለሚለው ጥያቄ መዘጋጀት። ይህ ከሁሉ የከበደው ነው። በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች ካደጉት የኢትዮጵያውያን ልጆች፥ ወላጆቻቸው የቀይ ሽብርን ዘመን ያዩ ወይም በሱዳን በኩል የተሰደዱ ብዙዎች ናቸው። ልጁ ይህን ትምህርት የወደደው በቤቱ ካየው ኀዘን የተነሣ ሊሆን ይችላል። ይህን ሊደብቅ አይገባውም፤ ነገር ግን የቃለ መጠይቁን ሰዓት ሁሉ በኀዘን ታሪክ ቢፈጅ ይጐዳዋል። በ2006 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ድሩ አፕልቢና ካረን አፕልቢ የተባሉ ሁለት መምህራን፥ በሥነ ልቡና ትምህርት ክፍሎች የተማሪ ቅበላ ሰብሳቢዎችን ጠይቀው ያገኙትን መልስ አሳትመዋል። ሰብሳቢዎቹ ማመልከቻን ከሚያበላሹት ነገሮች ውስጥ፥ ስለ ግል ሕይወትና ስለ ራስ የአእምሮ ሕመም ከመጠን በላይ መጻፍን፥ «ዓለምን ሁሉ ላድን» የሚመስል ንግግርንም ቈጥረዋል። ያ ጥናት ስለ ጽሑፍ ማመልከቻ ቢሆንም፥ ምክሩ ለቃልም ይሠራል።

ምክንያቱ የጠያቂዎቹ ጭካኔ አይደለም። እነርሱ ማወቅ የሚፈልጉት ቍስል መኖሩን ሳይሆን፥ ይህ ሰው ነገ ከሌላ ቍስለኛ ፊት ተቀምጦ ሊሰማው ይችል እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ልጁ ታሪኩን በሁለት ቃል ተናግሮ ወደ ጥያቄው ይመለስ። «አባቴ በእስር ቤት ስላሳለፏቸው ዓመታት በቤታችን ማንም አያነሣም ነበር። ዝምታ በቤተ ሰብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የፈለግሁት ከዚያ ነው፤ ላጠና የምፈልገውም ይህንኑ ነው» ቢል ይበቃዋል። ታሪኩ ግን የአባትም ታሪክ ነውና፥ ልጁ አስቀድሞ ቢያስፈቅድ መልካም ነው። ምናልባት ይህ ፈቃድ መጠየቅ ለብዙ ዘመን ያልተነገረውን ነገር በአባትና በልጅ መካከል ይከፍተው ይሆናል።

አራተኛ፤ መጠየቅን አለማፈር። በመጨረሻ «አንተስ የምትጠይቀን አለህን?» ባሉት ጊዜ «የለኝም፥ አመሰግናለሁ» የሚል ተማሪ ትምህርቱን እንዳልፈለገው ይቈጠራል። ጥያቄው ደግሞ ለይምሰል ሊሆን አይገባም። መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋራ በየስንት ጊዜው ይገናኛል? የጨረሱት ተማሪዎቹ ዛሬ ምን ይሠራሉ? ደመወዙ የሚከፈለው ለስንት ዓመት ነው? ከማዕርጉ በፊት ግድ የሆነውን የአንድ ዓመት የሥራ ልምምድ ስፍራ ስንቶቹ አገኙ? የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር ዕውቅና የሰጣቸው የዶክቶርነት ትምህርት ክፍሎች ወጪውን፥ የመጨረሻውን ጊዜና ትምህርቱን ያቋረጡትን ቍጥር ለሕዝብ እንዲያሳትሙ ይገደዳሉ። ወላጅም ቢሆን ይህን ሰሌዳ ማየት ይችላል። ዕውቅና የሌለው ክፍል ዋጋውም ከባድ ሆኖ፥ ከተመረቁ በኋላ የሥራ ፈቃድና ሥራ ለማግኘት ሊያስቸግር ስለሚችል፥ «ልጄ ዶክቶር ይባልልኝ» በማለት ብቻ መቸኰል አይገባም።

አምስተኛ፤ ስለ አቀራረብ። ዓይንን ወደ መሬት ማድረግ በኛ ዘንድ አክብሮት ሲሆን በነርሱ ዘንድ ፍርሃት ወይም ቸልታ ይመስላል፤ የሚያናግረንን ሰው ማየት ይገባል። መምህሩን «ፕሮፌሰር» ወይም «ዶክቶር» ብሎ መጥራት ነው፤ እርሱ ራሱ «በስሜ ጥራኝ» ካለ ግን እሺ ማለት ድፍረት አይደለም። ነባሮቹ ተማሪዎች ለእራት ቢጋብዙም ያ ሰዓት ከቃለ መጠይቁ ውጭ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ምስክርነታቸው ብዙ ጊዜ ይጠየቃልና። መምህሩ የተማሪውን ጽሑፍ ቶሎ አርሞ ይመልስ እንደ ሆነ፥ ደመወዙም ለቤት ኪራይ ይበቃ እንደ ሆነ እውነቱን የሚናገሩት ደግሞ እነርሱ ናቸው።

አሁን ወደ ቤተ ሰቡ እንመለስ። ከ2020 ዓ.ም. ወረርሽኝ ወዲህ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ብዙ ቃለ መጠይቆች በኮምፒዩተር በምስል ይደረጋሉ። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ወደ ቤታችን ገባ ማለት ነው። በዚያ ቀን ቡናው በሌላ ክፍል ይፈላ፤ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፤ እንግዳ የሚመጣ ከሆነ ቀኑ ይለወጥ። ከአዲስ አበባ የሚቀርብ ተማሪ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ይቍጠር፤ በጥርና በየካቲት በኒው ዮርክ ከጧቱ 10 ሰዓት ሲሉ፥ በአዲስ አበባ በኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ነውና። በዚህ ስሕተት አንድ ቀን ቢያልፍ የዓመት ድካም ያልፋል።

ከቃለ መጠይቁ በኋላ የሚመጣው መጠበቅ ለወላጅ ይከብዳል። ስምምነቱን የፈረሙ ዩኒቨርሲቲዎች፥ የገንዘብ ድጋፍ ያለበት ጥሪ የደረሰውን ተማሪ ከአፕሪል 15፥ ማለት ከሚያዝያ 7 ቀን፥ በፊት ቍርጡን እንዲመልስ ሊያስገድዱት አይገባም። እስከዚያ ድረስ ልጁን በየጧቱ «ደብዳቤ መጣን?» እያሉ መጠየቅ ልቡን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም። ሳይቀበሉት ቢቀሩም ውርደት አይደለም፤ መምህሩ በዚያ ዓመት ሌላ ጥናት ይዞ ይሆናል፤ ገንዘቡም ለአንድ ሰው ብቻ በቅቶ ይሆናል። አንድ ሁለት ዓመት በምርምር ክፍል በረዳትነት ሠርተው ዳግመኛ አመልክተው የሚገቡ ብዙ ናቸው። ለዘመድም «ወደቀ» ተብሎ አይነገር፤ በዚህ በር ላይ የሚደረገው መመራረጥ እንጂ መውደቅና ማለፍ አይደለምና።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችንን ትሕትናን ስናስተምር የትሕትናን ትርጉም አብረን እናስተምር። ትሕትና ከእውነት በላይ አለመናገር ነው፤ ከእውነትም በታች መናገር ግን ትሕትና አይባልም። የሠራውን ሠራሁ፥ ያላወቀውን አላወቅሁም፥ ማወቅ የሚፈልገውን እፈልጋለሁ ብሎ መናገርን በቤቱ ማዕድ ላይ የለመደ ልጅ፥ በማናቸውም አገር በማናቸውም መምህር ፊት ቢቀርብ አያፍርም።