ድሮን የጣናን ገጽ እንጂ ሆዱን አያይም

እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመነጨ ተንሳፋፊ አረም ነው። በአገራችን በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ከታየ ከ50 ዓመታት በላይ ቢሆነውም፣ በጣና ሐይቅ መከሰቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ በእጅም በማሽንም ቢታጨድ ክረምት ባለፈ ቁጥር እንደገና ይስፋፋል። በዚህም የተነሣ ድሮን የተባለው ሰው አልባ በራሪ መፍትሔ ያመጣል ብለው ተስፋ የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው። ተስፋው መሠረት አለው፤ ወሰኑ ግን አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል።

በቅድሚያ ጥቅሙን እንመልከት። በላንድሳት ሳተላይት ምስል አንዲት ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ ቦታን ትወክላለች፤ በሴንቲኔል 2 ደግሞ 10 ሜትር በ10 ሜትር። ጥቂት ሜትር ብቻ የሚሰፋ አዲስ አረም በእነዚህ ምስሎች ተለይቶ አይታይም። በክረምትም ደመና ሐይቁን ይጋርዳል። ድሮን ግን ከደመና በታች ስለሚበር እያንዳንዱን ቅጠል ለማየት የሚያስችል ምስል ያነሣል። ለምለም ቅጠል ቀይ ብርሃንን ይውጣል፤ ለዓይን የማይታየውን የቅርብ ኢንፍራሬድ ጨረር ደግሞ ያንጸባርቃል። ሁለቱን የሚለካ ካሜራ የተገጠመለት ድሮን አረሙን ከውኃው በቀላሉ ይለያል።

ይሁን እንጂ አረሙ ለምን እንደበዛ ምስሉ አይነግረንም። ምክንያቱ ያለው በውኃው ውስጥ ነው። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ ከተሸረሸረ ማሳ ደለል፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ተሸክመው ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ እምቦጭም የሚፋፋው በዚሁ ነው። ዘሩ በደለል ውስጥ ለበርካታ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከላይ የሚበር ካሜራ ይህን ዘር አይቆጥርም፤ ከአረሙ ሥር ለዓሣው ምን ያህል ኦክስጅን እንደቀረለትም አይለካም። ይህ የሚታወቀው በጀልባ ወጥቶ ናሙና በመቅዳትና በቤተ ሙከራ በመመርመር ነው።

ስለሆነም በእኔ እምነት፣ ለናሙናና ለቤተ ሙከራ በጀት ያልያዘ ተቋም ድሮን ባይገዛ ይሻላል። ሁለቱ ሥራዎች የሚደጋገፉ ናቸው፤ ምስሉ ናሙናው ከየት መወሰድ እንዳለበት ይጠቁማል፤ ናሙናው ደግሞ የምስሉን ትርጉም ይገልጣል።

የሐይቁ ነዋሪዎችም ሊዘነጉ አይገባም። ድሮን በጦርነት ስሙ በገነነበት በዚህ ዘመን፣ ከራሱ በላይ የሚያንዣብበውን መሣሪያ ለምርምር የመጣ ነው ብሎ የሚገምት ነዋሪ ጥቂት ነው። ተመራማሪው ከማብረሩ በፊት ዓላማውን ማስረዳትና ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ነፋስ የአረሙን ምንጣፍ በየትኛው ወቅት ወደየትኛው ዳርቻ እንደሚገፋው ከዓሣ አስጋሪዎችና ከታንኳ ቀዛፊዎች ብዙ መማር ይቻላል።

ውድ ተማሪዎች፣ ድሮን ማብረር በጥቂት ቀናት ይለመዳል። የውኃን ኬሚስትሪና የዕፅዋትን ጠባይ ማወቅ ግን ዓመታት ይጠይቃል። ጣና የሚያስፈልገው ሁለቱንም አጣምሮ የያዘ ባለሙያ ነው።